ስልሳው ብልቃጥ

ወልደማርያም የታመመ በግ ከሩቅ ይለያል። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ከወገዳ ዙሪያ ያለ የስማዳ ባላገር ሁሉ የሚመሰክርለት ነው። በጓ ገና ሳታስል፣ ገና ጆሮዋን ሳትጥል፣ «ይቺን ለይተህ እሰራት» ይላል። የበጓ ባለቤት «ኧረ ደህና ናት» ብሎ ከተከራከረ በሦስተኛው ቀን ቆዳዋን ይዞ ይመጣል። የታመመውን መለየት፣ ከመንጋው ማራቅ፣ የጎደለውን ወዲያው መተካት፤ የወልደማርያም ጥበብ ይኸው ነበር። መመስገን የማይወድ ሰው የለም መቼም። እሱ ግን ትንሽ አብዝቶ ይወድ ነበር።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በመስቀል ማግስት፣ ማሩ የሚባል ወጣት በበቅሎ መጣ። ከእርሻ ትምህርት ቤት የተላከ ነው። በትከሻው የጨርቅ መረብ አንግቷል፤ ጭነቱ ደግሞ ሁለት ሣጥን ሙሉ ብልቃጥ ነው። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉት፣ «በእስቴ፣ በጋይንትና በስማዳ እየዞርኩ እህል የሚበሉትን ትሎች እመዘግባለሁ» አለ። ወይ ጉድ! ሰው እንዴት ይሳቅ! «መንግሥት ሰውን ቆጥሮ ጨረሰና ወደ ትል ገባ» አሉ። ወልደማርያም ግን አልሳቀም። ልጁ ትሏን ከአተሩ ላይ በሁለት ጣቱ፣ ሳይጨፈልቃት፣ ቀስ ብሎ ሲያነሳት አይቶ ወደደው። «ጌታው» ብሎ ሊያናግረው ሲጀምርም ማሩ «ኧረ ልጅዎ ነኝ» ብሎ አስተወው።

ማሩ ሦስት ቀን ሙሉ ማሳ ለማሳ ዞረ። ከአተር፣ ከባቄላ፣ ከጓሮ ጎመን፣ ከወሰን ቁጥቋጦ ሳይቀር ስልሳ ትል ለቀመ። እያንዳንዷን በየብልቃጧ አስገብቶ አፉን በሻሽ አሰረ። ከየትኛው ተክል፣ ከማን ማሳ እንደተገኘች በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ለጠፈባት። ከዚያ ወደ ጋይንት ሊሻገር ሲነሳ ስልሳውንም ለወልደማርያም በአደራ ሰጠው።

«በየቀኑ ከተገኙበት ተክል ቅጠል ይስጧቸው» አለው። «ቡናማ ቅርፊት ውስጥ ገብተው ቢተኙ አይደንግጡ፤ ቢራቢሮ ሊሆኑ ነው። እንግዲህ እንደ ከብትዎ አድርገው ይያዙልኝ።»

ከዚህ በላይ አላለም። ያላለበትም ምክንያት ነበረው፤ የሚሆነውን አስቀድሜ ከነገርኳቸው የሌለውንም ያዩልኛል ብሎ ሰግቶ ነው። የተማረ ሰው ስጋት! ምናለ ያቺን «እንደ ከብትዎ» የምትለዋን ቢተዋት ኖሮ።

ወልደማርያም ብልቃጦቹን በጎተራው ጥላ ሥር፣ መደብ ላይ ደረደራቸው። ማለዳ ማለዳ ጤዛው ሳይለቅ ቅጠል ይቀነጥሳል፣ የትናንቱን ያወጣል፣ የዛሬውን ያስገባል። ሚስቱ ባንቺዓለም በሩ ላይ ቆማ ታየውና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ለኔ አንድ ቀን እንዲህ አቅርበህልኝ ታውቃለህ?» ትለዋለች። እሱ ምን ገዶት። በሳምንቱ ስልሳውንም በመልክ ለያቸው። አርባ አንደኛዋ ሆዳም ናት፤ አሥራ ሁለተኛዋ ጀርባዋ ላይ ነጭ መስመር አላት፤ ሃምሳኛዋ ሰው ሲቀርባት ትጠቀለላለች።

በስምንተኛው ቀን ሦስተኛዋ ብልቃጥ ውስጥ ያለችው ትል መብላቷን ተወች። ጎንበስ ብሎ ቢያያት ጀርባዋና ጎኗ ሰሊጥ የተነሰነሰበት መስሏል፤ ነጭ፣ ጥቃቅን፣ ሃያ ሠላሳ የሚሆን ነገር ተጣብቆባታል። ሆዷ ተሟጧል።

«እከክ!» አለ።

በግ ላይ የሚወጣ እከክ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። አንዲቷን የያዘ እንደሆነ መንጋው አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ዕድሜ ልኩን ሲያደርገው የኖረውን አደረገ። የታመመችውን አውጥቶ አራቃት። ቆጠራው እንዳይጎድልበትም ከራሱ አተር ላይ ጤነኛ፣ ወዝ ያላት ትል አምጥቶ ሦስተኛው ብልቃጥ ውስጥ አስገባ። በማግስቱ ሁለት ታመሙ። ከዚያ አራት። ማሩ እስኪመለስ ድረስ ሃያ ሁለቱን ለወጠ። ይህም አልበቃው ብሎ ማሳው ውስጥ ገብቶ፣ እከክ ያለባትን ትል ሁሉ ከአተሩ ላይ አንድ በአንድ ለቀመ። ጤነኞቹን ተዋቸው፤ የበሽታ ፍራቻው ከትሉ ፍራቻ በልጦበት።

የለቀማቸውንስ የት ጣላቸው? ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

የወልደማርያምና የጌጤ ማሳ ይዋሰናል። የጌጤ ባል እንየው በሕይወት ሳለ ስድስት ክንድ በምትሆን ቁራጭ መሬት ተካሰው ነበር። ዳኛ ለእንየው ፈረደለት። ወልደማርያም ግን ፍርዱን በጆሮው እንጂ በልቡ አልሰማም፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መንገደኛ ባለፈ ቁጥር በጣቱ እያሳየ «ያቺ የኔ ነበረች» ይላል። እንየው ከሞተ በኋላም አልተወውም። ከጌጤ ጋር ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ፊት ለፊት ቢገናኙ እንኳ አንገታቸውን ሰብረው ይተላለፋሉ።

እና የታመሙትን ትሎች እሳት ውስጥ መጣል ይችል ነበር። ጉድጓድ ቆፍሮ መቅበርም ይችል ነበር። እሱ ግን ማለዳ ማለዳ በቅል ስባሪ ይዟቸው ይሄድና፣ ወሰን ድንጋዩ ላይ ቆሞ ወደ ጌጤ አተር፣ ወደዚያችው ስድስት ክንድ ይበትናቸው ነበር። «እከኩ ወዲያ ይሂድ» ይላል በሆዱ። እሷን ይያዛት አላለም፤ ግን ወዲያ ያለው ማን ሆነና? ጾሙን የማያጎድል፣ የቆረበ ሰው ነው ይህን የሚያደርገው። አይ ሰው መሆን!

ጥቅምት ሲጋመስ አንድ የማይታመን ነገር ሆነ። ጌጤ በእግሯ ደጁ ድረስ መጣች። በሰፌድ የአተር እሸት ይዛለች።

«አያ ወልደማርያም፣ የመጀመሪያው እሸት ነው፤ ይቅመሱት» አለችና ሰፌዱን መደቡ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ባንቺዓለም አፏን ይዛ ቀረች። «ምን አድርገህላት ነው?» አለችው።

«እኔ እንጃ» አለ ወልደማርያም። አንዷን ፈልፍሎ ወደ አፉ ከተተ፤ ጣፋጭ ናት። ግን ሌላ አልቀመሰም።

ማሩ በጥቅምት ሃያ፣ በበቅሎዋ ላይ የጋይንት ጭቃ እንደደረቀ፣ ተመልሶ መጣ። መምጣቱን የሰማ ጎረቤት ወሬ ሊሰማ ተሰበሰበ፤ ጌጤም መጥታ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ወልደማርያም ስልሳውን ብልቃጥ አውጥቶ ደረደረለት። አንዳንዱ ቅርፊት ውስጥ ተኝቷል፣ አንዳንዱ ቢራቢሮ ሆኗል፣ የቀረውም ቅጠሉን ይቆረጥማል።

«አንድም የሞተ የለም?» አለ ማሩ።

«በኔ እጅ?» አለ ወልደማርያም አፉን ሞልቶ። ጎረቤቱም ሳቀ፣ አደነቀ።

ማሩ ግን ደስ አላለውም። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሳ አየ፤ ሲጨርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ደብተሩን አወጣ።

«አሁን ልንገርዎ» አለ። «እኔ የምፈልገው ትሎቹን ብቻ አይደለም። ከትንኝ የማትበልጥ ተርብ አለች። እንቁላሏን ትል ሆድ ውስጥ ትጥላለች። ልጆቿ ትሉን ከውስጥ እየበሉ ያድጉና ቆዳውን በስተው ይወጣሉ። ከዚያ ጀርባው ላይ ሰሊጥ የመሰለ ነጭ ነገር ፈትለው ይተኛሉ። ትሉ ይሞታል፤ እነሱ በሳምንታቸው ክንፍ አውጥተው ሌላ ትል ፍለጋ ይበራሉ። እህላችንን የሚጠብቁልን እነሱ ናቸው። የትኛዋ ተርብ በየትኛው ትል እንደምትኖር፣ ስንት ዓይነት እንደሆኑ ልመዘግብ ነው ይህን ሁሉ አገር የምዞረው። በእስቴ አሥራ አንድ ዓይነት አገኘሁ። በጋይንት ዘጠኝ።» እርሳሱን በምላሱ አራሰ። «በስማዳ ግን የለም ማለት ነው። እንዲያው ነው የምጽፈው።»

ወልደማርያም ዓይኑን እርሳሱ ላይ ተከለ።

ዝም ቢል ማንም አያውቅም። ስልሳ ተቀብሎ ስልሳ ያስረከበ፣ ትል እንኳ በእጁ የማይሞትበት ሰው ተብሎ ይኖራል። ከተናገረ ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ያውቀዋል፤ ጠያቂው ማሩ ቢሆንም ሰሚዋ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ግን የልጁ እርሳስ ወረቀቱን ነክቷል። ይህ ልጅ በሱ እጅ ታምኖ፣ የሌለን የለም ብሎ ሳይሆን ያለን የለም ብሎ ጽፎ አዲስ አበባ ሊያስገባ ነው። አደራ በላሁ እኮ፣ አለ በልቡ። በዕድሜው እንዲህ ያለ ቃል ለራሱ ተናግሮ አያውቅም ነበር።

«አትጻፍ» አለ።

«ምነው?»

«ነበሩ። ሰሊጥ ያልከው ነበረባቸው። እከክ መስሎኝ እኔ ነኝ ያወጣኋቸው። ሌላ ተካሁበት፣ ቁጥሩ እንዳይጎድል።»

ማሩ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ታዲያ ወረቀቶቹ ሁሉ ሐሰት ሆኑ ማለት ነው» አለ ቀስ ብሎ። «የትኞቹን እንደለወጡ በምን አውቃለሁ?»

«እኔ አውቃለሁ። ሦስተኛዋ፣ ሰባተኛዋ፣ አሥራ አንደኛዋ…» ሃያ ሁለቱንም ቁጥር ሳይሳሳት ዘረዘረ። ማሩ እየተከተለ ጻፈ።

«ጥፋቱ የኔም ነው፤ አልነገርኩዎትም» አለ ማሩ ሲጨርስ። «የት ጣሏቸው? ምናልባት የተረፉ ይኖራሉ።»

ይኸው መጣ። ወልደማርያም ወደ በሩ አላየም። «ወሰኑ ላይ» አለ። ይህም እውነቱን እንዳልጨረሰው ያውቃል። «ከወሰኑ ወዲያ። ወደ ጌጤ አተር ነው የበተንኳቸው። በሽታው ወዲያ ይሂድ ብዬ።»

ጌጤ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳችና ወደ ማሳዋ ቀደመች። ማሩና ወልደማርያም ተከተሏት።

ወሰኑ ጋ ሲደርሱ ማሩ ማንም ምንም ሳይለው ተንበረከከ። የወልደማርያም አተር እሸቱ ተበሳስቷል፤ ትሉ አንገቱን ወደ ውስጥ ቀብሮ ይበላል። ከድንጋዩ ወዲያ፣ በጌጤ በኩል፣ ያው አንድ ዘር አተር ሙሉ ሙሉ እሸት ተሸክሞ ቆሟል። እዚህም እዚያም ግንዱ ላይ የደረቁ ትሎች አሉ፤ ጀርባቸው ነጭ ሆኗል። ከነጩም ላይ ጥቁር፣ ከቁንጫ እምብዛም የማይበልጡ ነገሮች ክንፋቸውን እያራገፉ ይነሳሉ።

«ተርቦቹ ድሮም እዚህ አገር ነበሩ» አለ ማሩ በደስታ። «በእርስዎም ማሳ ነበሩ። እርስዎ ግን ከራስዎ ለቅመው ለሳቸው ሰጧቸው።»

ያኔ ጌጤ ተናገረች። አልጮኸችም።

«እኔኮ በየማለዳው አይዎት ነበር፣ አያ ወልደማርያም። በቅል ይዘው፣ እዚህች ድንጋይ ላይ ቆመው ወደ ማሳዬ ሲበትኑ። ጸበል የሚረጩልኝ መስሎኝ። እንየው ከሞተ ወዲህ ማሳዬን ያሰበልኝ ሰው ተገኘ ብዬ አለቀስኩ። በስምዎ ጸለይኩ። እሸቱንም ያመጣሁት ለዚያ ነበር።»

ብትሰድበው በወደደ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። «ይቅር በይኝ» አለ። ጌጤ እሸቷን ትደባብሳለች።

ማሩ የዚህን ሁሉ ጣጣ ከየት ያውቃል? ነጭ የለበሰች ትል ብልቃጥ ውስጥ አስገብቶ፣ ሻሹን አስሮ፣ ቁራጭ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። የቆመው በዚያችው ስድስት ክንድ ላይ ነው።

«አተር፣ ስማዳ» እያለ ጻፈ። ከዚያ ቀና አለ። «ማሳው የማን ልበል? የእርስዎ ነው የሳቸው?»

ወልደማርያም መሬቷን አያት። ዘጠኝ ዓመት በጣቱ ሲያሳያት ኖሯል። በጌጤ በሬ ትታረሳለች፣ የጌጤን አተር ታበቅላለች።

«የጌጤ በል» አለ። «የጌጤ ማሳ ብለህ ጻፍ።»

ማሩ ጻፈ። ጌጤ ግን ቀረብ አለች። «እንዲህ ያለው ማን እንደሆነም ጻፍልኝ» አለች።

«ወረቀቷ ትንሽ ናት እኮ፣ እናቴ። ቦታ የላትም።»

«ጀርባዋስ?»

ማሩ ወረቀቷን ገለበጣትና በጥቃቅን ፊደል ጻፈባት። ሊለጥፍ ሲል ጌጤ እጁን ያዘችው። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ወልደማርያም ግን በልጅነቱ ዳዊት ደግሟል። ወረቀቷን ከማሩ ተቀብላ ለሱ ሰጠችው።

«ያንብቡልኝ» አለች።

ወልደማርያም ወረቀቷን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። «የጌጤ ማሳ» አለ። ገለበጣት። «ወልደማርያም እንደተናገረው።»

«ድገሙልኝ» አለች ጌጤ።

ደገመላት።