ኳስ ተጫዋች ነኝ

«ወላሂ እላችኋለሁ፣ ሀብቴ ኳስ ይዞ ሲሮጥ ጥላው ራሱ ኋላ ይቀር ነበር!»

ጋሽ ነጅሙዲን ነው፣ የሟቹ የሀብተ ማርያም የድሮ የቡድን ጓደኛ። ዛሬ ሠልስቱ ነው። የከዚራ ሠፈር ሙቀት ድንኳኑ ላይ ተኝቶበታል፣ ለቀስተኛው በካርቶን ቁራጭ ያራግባል። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሳቁ ሲያሳፍረው ደግሞ አቀረቀረ።

የሟቹ ልጅ ኑኃሚን አልሳቀችም። ዓይኗ ወንድሟ ሰይፈ ሚካኤል ላይ ነው። ከምሰሶው ሥር ጆግ ይዞ ተቀምጧል። ከጠዋት ጀምሮ ሦስተኛው ጆግ ነው፣ ቆጥራለች።

የአባቷም ሕመም የጀመረው በውኃ ነው። ለሠፈሩ ቡድን የግራ ክንፍ የነበረ ሰው፣ ኳስ ካቆመ ሃያ ዓመት አልፎት፣ ከሚነዳው ጭነት መኪና ወርዶ ቤት በገባ ቁጥር ጆግ ሙሉ ይጨልጣል። ጎትታ ጤና ጣቢያ ወሰደችው።

«ስፖርት ይሠራሉ?» አለችው ነርሷ።

ደረቱን ነፋ። «ኳስ ተጫዋች ነኝ።»

ነበርኩ አላለም እኮ! ስኳር አለብህ ሲባልም «የኔ በላብ ይወጣል» ብሎ ለአንጋፋዎች ግጥሚያ ተመዘገበ። ታኬታውን ከቁምሳጥን ላይ አውርዳ አቧራውን የጠረገችለት ኑኃሚን ናት። ደስ ብሏት። ቆዳው ደርቆ ጣውላ ሆኗል፤ እግሩ ከደነዘዘ መቆየቱን ግን አልነገራትም። ጎል አገባ፤ በትከሻ ተሸክመው አመጡት። ታኬታውን ስትፈታለት ካልሲው በደም ተጣብቋል።

«አያምህም አባዬ?»

«ምኑ?» አለ፣ እየሳቀ።

መጀመሪያ ጣቱ ተቆረጠ። ከዚያ እስከ ጉልበቱ። ከዚያ ይሄ ድንኳን።

ጎረቤታቸው ዚነት ክሊኒክ ነው የምትሠራው። ኑኃሚን ለምናት፣ የስኳር መለኪያዋን በሻርፗ ደብቃ መጥታለች። ሰይፈ ሚካኤል አጠገብ ቁጭ አለች።

«ሰይፉ፣ ጣትህን ብቻ። ትንኝ ነክሳህ አታውቅም?»

«አቦ ዚነት፣ በአባቴ ለቅሶ ላይ?»

«ታዲያ በማን ለቅሶ ይሁን? በራስህ?»

«እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ለክለብ የተሰለፍኩ ሰው ነኝ። ኳስ ተጫዋች ነኝ እኮ!»

ሆዱ ቀበቶው ላይ ተደፍቷል። ባጃጅ መንዳት ከጀመረ አሥር ዓመቱ።

ጋሽ ነጅሙዲን ይሄን ሰምቶ ብድግ አለ። «እንዲህ ነው የሀብቴ ልጅ! እሑድ የመታሰቢያ ግጥሚያ አለን፣ የአባትህን አሥራ አንድ ቁጥር አንተ ትለብሳለህ!»

የሰይፈ ሚካኤል ፊት ከሦስት ቀን በኋላ ገና አሁን በራ። ወደ እህቱ ዞረ። «ኑኑ፣ ታኬታው የታል?»

ጎንበስ ብላ በሹክሹክታ «በናትህ ሰይፉ፣ መጀመሪያ ተመርመር» አለችው። «አንተንም አልቀብርም።»

«ለአባዬስ ታኬታውን ያወረድሽለት አንቺ አይደለሽ?»

ዚነት መለኪያዋን ወደ ሻርፗ መለሰች። ሰይፈ ሚካኤል ያለው ነገር ሲገባው አንገቱን ደፋ።

«ይቅርታ እህቴ… እኔ እንጃ። ጠምቶኝ ነው።» ባዶውን ጆግ ገፋ አደረገላት።

ኑኃሚን ይዛው ቧንቧው ጋ ሄደች። ጆጉ ሞልቶ እግሯ ላይ እስኪፈስ ቆመች። ተመለሰችና ወንድሟ ፊት አስቀመጠችለት። እጇን ግን ከጆጉ ጆሮ አላነሳችም፤ እሱም ሲስበው፣ እሷም ስትይዘው፣ ውኃው መሬት ላይ ተንጠባጠበ።

ከዚያ ለቀቀችው።