ከማዴይራ የምታስመልሰው ሴት

ባሌ ክሊፎርድ ስኳሩንም፣ የልቡን ኪኒንም፣ የጉልበቱን ቀዶ ጥገናም አንድም ሳያስቀር ተናገረ። የጉዞ ኢንሹራንስ ሲገዙ በሽታን መደበቅ ሞኝነት ነው፤ የደበቁት ሕመም ባሕር ማዶ ቢጥልዎት ኢንሹራንሱ አንድ ሳንቲም አይከፍልልዎትም። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን፣ እዚሁ እንግሊዝ፣ ግሪምዝቢ ካለው ቤታችን ወጥ ቤት ተቀምጠናል። ያረጀን ሰዎች ነን፤ ስንጋባም አርጅተን ነበር። ማዴይራ፣ የፖርቱጋሏ ደሴት፣ አብረን የምንሄድባት የመጀመሪያዋ ባሕር ማዶ ናት።

«ጥሩ ነው፣ ጌታዬ» አለች የኢንሹራንሷ ልጅ። «አብሯችሁ የማይጓዝ፣ ቢታመም ግን ጉዞውን የሚያሰርዛችሁ ወይም ከመንገድ የሚያስመልሳችሁ ሰው አለ?»

የለም ልል ነበር። ወላጆቻችን ሞተዋል፣ ልጅ የለንም።

«አለች» አለ ክሊፎርድ። «ሄዝል። ልቧ ደካማ ነው።»

ሄዝል የቀድሞ ሚስቱ ናት። አንድ የዳንስ አስተማሪ ተከትላ ጥላው ሄዳ ነበር። አሁን ዳንሱም አስተማሪውም የሉም፤ እሷ መጦሪያ ቤት ናት፣ ክሊፎርድ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ሚንት ከረሜላ ይዞላት ይሄዳል። ማን መሆኑን እንኳ አታውቅም። ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ሰው ይመስላታል። ሐሙስን ችዬ ኖሬያለሁ። ማዴይራ ግን የእኔ ነበረች።

«ምንዎ ናት?»

«የቀድሞ ባለቤቴ።»

«ይሄኛው ውል የሚሸፍነው የትዳር ጓደኛን፣ ልጅን፣ ወላጅን፣ እህትና ወንድምን ነው። ሌላ ሰው በስም ለማስገባት ከፍ ያለው ውል አለ። ዋጋው ይጨምራል።»

«ርካሹ ይበቃናል» አልኩ።

«ውዱን» አለ እሱ።

«አንዴ ጠብቂን፣ የኔ ልጅ» ብዬ እንዳትሰማን የስልኩን ድምፅ ዘጋሁት።

«ስንት ዓመት ያለምኩትን ጉዞ ለሷ ብለህ ልታቋርጠው ነው?»

«ካልታመመች አላቋርጠውም።»

«ጥላህ የሄደች ሴት ናት እኮ።»

«ጥላኝ ሄዳለች። የሚጠይቃት ሌላ ሰው ግን የላትም።»

«ርካሹን ብንገዛስ?»

«ርካሹን ብንገዛም እመለሳለሁ፣ ቤሪል። እነሱ የሚከፍሉት ለትኬቱ ነው፤ መመለሱ የኔ ጉዳይ ነው።»

በዚህ ዕድሜ፣ ስሟን በማታውቅ በሽተኛ ይቀናል ወይ ብትሉኝ፣ ይቀናል። የማታስታውሰውን ሰው ከባሕር ማዶ ልታስመልስ ትችላለች። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ርካሹን ማስገዛት እንኳ አቃተኝ።

«እሺ፣ እኔ ብሆንስ?» አልኩት። «እኔ መጦሪያ ገብቼ፣ ስምህን ረስቼ፣ አንተ ከሌላ ሴት ጋር ማዴይራ ልትሄድ ብትነሣ?»

ክሊፎርድ ሳያስብ አይመልስም፤ ክፉ አመሉ ይሄ ነው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው።

«ያን ጊዜም እንዲሁ ድምፁን ዘግተን እንጨቃጨቃለን» አለ። «እኔና እሷ። እኔ ላንቺ ስል ውዱን እላለሁ፤ እሷ ርካሹ ይበቃናል ትላለች።»

ዕንባዬ መጣ። እንዳያየኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ድምፁን መልሼ ከፈትኩት።

«ውዱ ይሁን፣ የኔ ልጅ» አልኩ። «ስሟ ሄዝል ነው። ልቧ ደካማ ነው።»

ክሊፎርድ እጄን ያዘኝ። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ልጅቷ የሄዝልን የልብ ነገር ከላይ እስከ ታች ስትጠይቅ፣ እሱም ኪኒኖቿን ሁሉ በቃሉ ሲዘረዝር፣ የቀዘቀዘ ሻዬን ይዤ አዳመጥኩ። ከዚያ ግን አላስችል አለኝ። ወደ ጆሮው ጠጋ አልኩ።

«ማናት ግን?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ማን?»

«እኔ መጦሪያ ስገባ ማዴይራ የምትወስዳት ሴትዮ።»