ሁለተኛው ፊርማ

«…ሰዎች ሐኪሙን ‹ጽንሱን አውጣላት› ቢሉት፣ ‹የእግዜርን ፍጡር አልነካም› አለ» አሉ መሪጌታ ወልደኢየሱስ፣ የልጃቸውን የሽታዬን አሟሟት ለስንተኛው ለቀስተኛ እንደሆነ እንጃ ሲተርኩ።

ሐኪም አላምረው አጠገባቸው ተቀምጦ ጫማውን አየ። እንዲህ አላለም። በቀብሩ ቀን ትረካው «ሐኪሙ የሚቻለውን አደረገ» ነበር። በማግስቱ «ሐኪሙ ሲጸልይ አደረ» ሆነ። ዛሬ ሣልስት ነው፤ በዚህ አያያዝ እስከ ሰባተኛው ቀን ሳይመነኩስ አይቀርም።

ሽታዬ አብራው አምስት ዓመት የሠራች አዋላጅ ነበረች። የታመመው ልቧ ይህን እርግዝና እንደማይችል ከእሱ ቀድማ ያወቀችው ራሷ ናት። «አውጣልኝ» አለችው። የወንጀለኛ መቅጫው ሕግ ግን የሁለት ሐኪም ፊርማ ይላል፤ ሁለተኛው ሐኪም ለክትባት አዲ አርቃይ ወርዷል። ያለ እሱ ፊርማ የነካ ወህኒ ይገባል፤ አላምረው የገባ ያውቃል። ቅጹን ሽታዬ በእጇ ሞላችው፤ በጭነት ማኪና ተላከ።

«‹ቶሎ ፈርም› በለው» አለችው። «ልቤ እንደ መሥሪያ ቤት ‹ነገ ተመለሱ› አይልም።»

አላምረው መሣሪያውን ሁለት ጊዜ ቀቀለ፤ ሁለት ጊዜ መልሶ ቆለፈበት። ፊርማው የደረሰው በቀብሯ ማግስት ነው።

ከአምባ ጊዮርጊስ አክስቷ አየለች ደረሰች። አልቅሳ ስታበቃ እንደ ወጉ ጠየቀች፤ «ምነው፣ ምን ሆና ነው?»

የመሪጌታ ድምፅ ተዘግቶ ነበር። «አንተ ንገራት ልጄ። አንተ ነበርክ።»

እውነቱን ቢናገር የሽታዬ ስም በአባቷ ፊት ይወድቃል። ዝም ቢል እሱ ጻድቅ ሆኖ ይቀራል።

«እምቢ አላልኩም» አለ። «ራሷ ጠየቀችኝ፤ እሺ አልኳት። ፊርማ ጠበቅኩ።»

«የምን ፊርማ?» አለች አየለች።

«የሌላ ሐኪም። ሕጉ ነው።»

«እኛ የምንፈርመው በመሬት ስንካሰስ ነው» አለች።

ከኋላ አንዱ ሳለ። መሪጌታ ቀና ሳይሉ ጠየቁ፤

«ራሷ ጠየቀችህ?»

«አዎ፣ መሪጌታ።»

«ሳትጠብቅ ብታደርገው ትተርፍ ነበር?»

«ይመስለኛል።»

«መቼ ላካችሁት?»

«ሰኞ።»

መሪጌታ ከሰኞ ጀምረው ጣታቸውን አንድ በአንድ አጠፉ። በሞተችበት ቀን፣ ሐሙስ ላይ ቆሙ። የተጨበጠውን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩት፤ ቀጣዩ ለቀስተኛ ሊጨብጣቸው ሲያጎነብስም አልፈቱትም።