ከኋላው የተጠራው

ልጄ የአባቱን ፎቶግራፍ ከግድግዳው ማንሣቱን ያየሁት አውቶቡሱ ይዞት ከሄደ በኋላ ነው። ንጋት ላይ ስንወጣ ቤቱ ጨለማ ነበር። ከመናኸሪያው ተመልሼ መስኮቱን ስከፍት፣ ጭስ ባጠቆረው ግድግዳ ላይ አንድ መጽሐፍ የሚያህል ንጹሕ ቦታ አየሁ። ምስማሩ ብቻ ቀርቷል።

ለአንድ ዓመት ብቻ የሚሄድ ሰው የአባቱን ብቸኛ ፎቶግራፍ ይዞ አይሄድም።

ልጄ ዘርአ ዳዊት አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒዩተር የሚባለው ማሽን ባለበት መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበር። ማሽኑን ሊተክሉ የመጡት ጀርመኖች ሥራውን ወደዱለትና አገራችን መጥተህ ሥራ አሉት። ሥራው ለማሽኑ ትእዛዝ መጻፍ ነው። ሊሰናበተን ደብረ ብርሃን በመጣ ጊዜ የሟቹ ባለቤቴ እናት፣ እማማ እናናየሁ፣ እንዝርታቸውን እያሾሩ በጥያቄ ፋታ ነሡት።

«ትእዛዝ ጽፈህ ለብረት ነው የምትሰጠው?»

«አዎ እማማ። ትእዛዙን ካርድ በሚባል ወፍራም ወረቀት ላይ እንበሳዋለን፤ ማሽኑ ቀዳዳውን እያየ ይሠራል።»

«አንኮበር ውስጥ ሰው እንኳ ሦስት ጊዜ ተነግሮት አይታዘዝም። ይኼ ብረት ምን አግኝቶ ነው የሚታዘዘው?»

«ሞኝ ስለሆነ ነው» አለና ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ።

እኔ መሳቅ አልሆነልኝም። «ብትሳሳትበትስ? ይቆማል?» አልኩት።

«ቢቆምማ ጥሩ ነበር እማዬ። እየተሳሳተም ይቀጥላል። ከሁሉ የሚያስፈራው ‹ወደ ኋላ ተመለስ› የሚለው ትእዛዝ ነው። ያለ ቦታው ከገባ ማሽኑ እዚያው ሲመላለስ ይኖራል፤ መውጫ የለውም።»

እማማ እንዝርታቸውን አቁመው አማተቡ።

በእሳቸው ቤት መንገደኛ ከኋላው አይጠራም። የረሳው ነገር ቢኖር ይቀራል። የሄደ ዕለት ቤቱ አይጠረግም፤ በደኅና መድረሱ እስኪሰማም የደጁ መወርወሪያ አይገባም። ይህን ሕግ ከአንኮበር ይዘውት የመጡት እሳቸው ናቸው፤ አንድ ጊዜ ያፈረሱትም እሳቸው ናቸው። ባለቤቴ ገብረአማኑኤል ወደ ኮሪያ ሊዘምት ከደጅ ከወጣ በኋላ፣ ጋቢውን መርሳቱን አይተው በስሙ ጠሩት። ተመልሶ ጋቢውን ወሰደ፤ ጉልበታቸውን ስሞ ሄደ። መርዶው እስኪመጣ ድረስ ደጃችን ሳይቆለፍ ከረመ። መርዶው የመጣ ዕለት መወርወሪያውን ያስገቡት እማማ ራሳቸው ናቸው። ስለ ጋቢው ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ተናግረው አያውቁም።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ። ሰው በጥይት እንጂ በመጠራት እንደማይሞት አውቃለሁ። ነገር ግን የምሠራው ስልክ ቤት ነው፤ ከሩቅ የሚመጣውን መስመር የማገናኘው እኔ ነኝ። ሰው ደስታውን በደብዳቤ ይጽፋል፤ በስልክ የሚቸኩለው ለክፉ ነገር ነው። የደብረ ብርሃንን መርዶ ከባለቤቶቹ ቀድሜ እየሰማሁ እንዴት አልፍራ? ስለዚህ ጠዋት መናኸሪያው ላይ፣ ዘርአ ዳዊት የአውቶቡሱን ደረጃ ሲወጣ ደረቱ ላይ በኮቱ ሥር አንድ ጠንካራ ነገር አቅፎ መያዙን ባይም፣ ምንድን ነው ብዬ አልጠራሁትም። እማማም ክንዴን ጨብጠው ይዘውኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ገባሁ። ባዶው ግድግዳ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። አውሮፕላኑ የሚነሣው ማታ ነው፤ ልጄ እስከዚያ የሚቆየው አዲስ አበባ በአከራዩ በወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ቤት ነው፤ ቤታቸው ደግሞ ስልክ አለ። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ትመለሳለህ ወይ? በስልክ መጠየቅ ከኋላ መጥራት አይደለም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። መንገዱ ላይ አልቆምኩም፣ ጀርባውንም አላየሁም።

ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ አነሡት።

«ውይ፣ እናቱ ነዎት? አሁን ገና ወጣ። ይቆዩ፣ ይቆዩ።»

ማዳመጫውን አስቀመጡት። ጫማቸው እየተንኳኳ ሲሮጡ ሰማሁ። ከዚያ ድምፃቸው ከደጅ መጣ። «ዘርአ ዳዊት፣ አንተ ዘርአ ዳዊት፣ ተመለስ፤ ተመለስ።»

መስመሩን ልነቅል እጄን ዘረጋሁ። አልነቀልኩትም።

«እማዬ? ምን ሆናችሁ? እማማ ደኅና ናቸው?» እያለከለከ ነበር።

«ደኅና ነን። የአባትህን ፎቶግራፍ ወስደኸዋል?»

«ለዚህ ነው ያስጠራሽኝ? አንድ እግሬን ታክሲው ውስጥ አስገብቼ ነበር እኮ።»

«ትመለሳለህ?»

«እማዬ፣ የተዋዋልኩት ለአምስት ዓመት ነው። እንዳትታመሚብኝ ብዬ ነው አንድ ዓመት ያልኩሽ። ከዚያ በኋላ እናያለን። ባለታክሲው እየጮኸብኝ ነው፤ ስደርስ ቴሌግራም አደርጋለሁ።»

በሰላም ግባ ልለው ነበር። ከአፌ የወጣው «ቆይ» የሚለው ሆነ። እሱ ግን ዘግቶታል።

ወደ ቤት ስመለስ ብርዱ ጠንክሯል። ቤቱ አልተጠረገም፤ ጠዋት የበላው ዳቦ ፍርፋሪ ከወንበሩ ሥር እንዳለ ነው። ባዶው ምስማር ላይ እማማ መቁጠሪያቸውን ሰቅለውበታል። እራት አቀረብኩ፤ ሁለታችንም አልበላንም።

«ወሬ አለ?» አሉኝ።

«አነጋገርኩት።»

«በስልክ?»

«በስልክ።»

«የት ሆኖ አገኘሽው?»

መዋሸት እችል ነበር። «ከደጅ ወጥቶ ታክሲ ሊሳፈር ሲል ነው። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ ሮጠው ጠሩልኝ።»

«ፊቱን ወዴት አዙሮ ሳለ?»

«ወደ መንገዱ።»

«ተመለሰ?»

«ተመለሰ እማማ።»

እንዝርቱን ከጥጡ ጋር መሬት ላይ አስቀመጡት። አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ በተሻለኝ። ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡና ወደ ደጁ ሄዱ።

«መድረሱን ገና አልሰማንም» አልኳቸው። «አውሮፕላኑ እንኳ አሁን ገና መነሣቱ ነው።»

መወርወሪያውን ከጥጉ አንሥተው፣ በሁለት እጃቸው ገፍተው እስከ መጨረሻው አስገቡት።