የተቆረጠው ጭፈራ

አዳራሽ ሙሉ ሰው በእጃችሁ ሥራ ሲስቅ፣ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ብላችሁ ተመኝታችሁ ታውቃላችሁ?

ኤልዊን ክራንድል በሆሊውዱ ሲኒማ ቤት የፊት ወንበር ላይ ሆኖ የተመኘው ይህንኑ ነበር። በስተርጅናው ሊያከብሩት ጠርተውት፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የሠራቸውን ካርቱኖች እያሳዩ ነው።

የድሮ ባልደረባው ገስ በክርኑ ጎሸም አደረገው።

«አንተ ሽማግሌ! ፒያኖ እንደወደቀባት ድመት ምን ያኮማትርሃል? ጭብጨባው እኮ ላንተ ነው!»

«የጥቁሩን ሰው ጭፈራ እኮ ካርቱኑን ለቴሌቪዥን ሲሸጡት ቆርጠውት ነበር» አለ ኤልዊን።

«ዝግጅቱን ያሰናዱት ልጆች ሙሉውን ቅጂ አግኝተዋል። ታሪክ ነው፤ ምን ቸገረህ?»

ታሪክ! ነውርን በዚህ አንድ ቃል ጠቅልሎ መቅበር እንዴት ይቀላል!

ስክሪኑ ላይ ጥቁሩ ጨፋሪ ብቅ አለ። እግሮቹ መሬት የሚነኩ አይመስሉም። ፊቱ ግን የሰው ፊት አልነበረም፤ ዓይኑ ሳህን አክሎ፣ ከንፈሩ ተነፍቶ፣ ነጮች በጥቁሮች ላይ ሲያላግጡ እንደሚስሉት ሐብሐብ ይሰለቅጣል።

እግሮቹ የሉሽየስ ፔቲግሩ ነበሩ፤ ካርቱኑ የተሠራበት ስቱዲዮ በር ላይ ይሠራ የነበረው ሊስትሮ። በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ አስጨፍረው በካሜራ ቀረጹት፤ ከዚያም እያንዳንዷን እርምጃ በወረቀት ገለበጡ። ስሙን ግን የትም አልጻፉም። ፊቱን ከየት እንዳመጣው ኤልዊንን የጠየቀው የለም። ካርቱን ሠሪ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ መስተዋት አለው፤ የሚስለውን ፊት አስቀድሞ በራሱ ፊት ይሠራዋል። የጨፋሪውን ፊት በሣለበት ቀን ኤልዊን ከንፈሩን አሞጥሙጦ፣ ዓይኑን አጉረጥርጦ መስተዋቱ ላይ አፈጠጠ። መስኮቱ ሥር ጫማ ይጠርግ የነበረውን ሉሽየስን ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

መብራት ሲበራ ጥቂቶች ገና ይስቃሉ፤ ብዙዎች አቀርቅረዋል። ከመካከላቸው አንዲት ጥቁር ሴት ተነሣች።

«ኦዴሳ ፔቲግሩ እባላለሁ። አባቴ ‹ፊልም ላይ ወጥቻለሁ› ብሎ፣ የእሑድ ልብሳችንን አልብሶ ይህንን ሊያሳየን ወሰደን። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ጨፍሮ አያውቅም።»

ማይክሮፎኑን ኤልዊን እጅ ላይ አኖሩት።

«ለእኔ ስጠኝ፤ በቀልድ አሳልፈዋለሁ» አለ ገስ በሹክሹክታ።

ሴትዮዋ ሰማችው።

«ቀልዱንማ ጠግበነዋል፣ ጌታዬ። ሚስተር ክራንድል፣ እርስዎን ነው የምጠይቀው። እግሮቹ የአባቴ ናቸው፤ አውቃቸዋለሁ። ያ ፊት ግን የማን ነው? ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ ይመልሱልኝ!»