ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠነኛው ብናኝ

41

ዘንባባ።

42

ዘንባባ።

43

ፈርን፣ አበባ የሌለው የጥላ ተክል። እርጥበት ይወዳል። ዛሬ አቧራ ብቻ የሚነሳበት ሜዳ፣ ከስምንት ሚሊዮን ዓመት በፊት ጥላ ነበረው ማለት ነው።

(አንባቢ ሆይ፣ ቁጥሮቹ የምዕራፍ አይደሉም። ከተፈጨ ድንጋይ ውስጥ በማይክሮስኮፕ የምቆጥራቸው የአበባና የፈርን ብናኞች ናቸው። ሦስት መቶ ሲሞሉ ድንጋዩ ዘመኑንና ደኑን ይናገራል።)

118

አስተማሪዬ ዶክተር ምንትዋብ ይህን ደን ለማየት ዘጠኝ ዓመት ጠብቀዋል። ድንጋዩ የወጣበት ጉድጓድ ተደፍኗል። የመጨረሻው ግራም እዚህ መስታወት ላይ ነው።

206

ዓይኔን ስጨፍን ደኑ ይመጣል። ይዘንባል። ዝናቡን ዝናብ የሚለው ሰው ገና አልተፈጠረም።

207

ዘንባባ።

299

ሦስት ማዕዘን።

299

ደግሜ አየሁ።

299

ባሕር ዛፍ።

እዚህ አገር ከገባ መቶ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው።

299

ከላቦራቶሪው አንጋፋ ሠራተኛ ከጋሽ ወርዶፋ ጋር የተነጋገርነው፦

ጋሽ ወርዶፋ፦ ምነው መቁጠር አቆምክ?

እኔ፦ ማክሰኞ ለጉንፋኔ የታጠንኩት ቅጠል አበባ ነበረው?

ጋሽ ወርዶፋ፦ በዚህ ወር አበባ የሌለው ከየት ላምጣልህ? አፍንጫህ እንደሆነ ተከፍቷል።

እኔ፦ እዚሁ ምድጃ ላይ ነው ያፈላሁት። የተፈጨው ድንጋይ አጠገቤ ነበር፤ አልተከደነም።

ጋሽ ወርዶፋ፦ ስምንት ሚሊዮን ዓመት የቆየ ነገር፣ በአንድ ድስት እንፋሎት?

እኔ፦ የግቢው ዘንባባም አብቧል። ድንጋዩን የሚያሟሟው አሲድ ከነካው በኋላ ሁሉም አንድ መልክ ነው። የጥንቱን ከማክሰኞው በምን ልለየው?

ጋሽ ወርዶፋ፦ አንዷ ናት እኮ። አላየኋትም በል።

እኔ፦ ጋሼ።

ጋሽ ወርዶፋ፦ እንግዲያው ጥፋተኛ ብለህ የእኔን ስም ጻፍ። እኔ ሰኔ ላይ ጡረታ ወጪ ነኝ። አንተ ገና ነህ።

299

ደኑን ለመጨረሻ ጊዜ አየሁት። ዘንባባዎቹ አንድ በአንድ ወደ ግቢያችን አጥር ተመለሱ። ዝናቡ ቆመ።

300

አልቆጠርኩትም። የብልሽት መመዝገቢያ ቅጹን አወጣሁ።

የናሙናው ሁኔታ፦ ተበክሏል።

ምክንያት፦ ጉንፋን።

የቀረው መስመር ለአንድ ስም ብቻ ይበቃል። ቅጠሉን የቆረጡት ጋሽ ወርዶፋ ናቸው። ያፈላሁት እኔ። እሳቸው የታጠበውን ድስት እንደገና ያጥባሉ። ዶክተር ምንትዋብ ደረጃውን እየወጡ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው፦