ሆን ብሎ የሳተው ምልምል

ላካይን የሚባል ምልምል ነበረኝ። ከኤንጋ ተራሮች የመጣ፣ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ፣ ካልጠሩት የማይናገር። እኔ የማኑስ ደሴት ሰው ነኝ፤ ከዋና ከተማችን ከፖርት ሞርስቢ ወጣ ብሎ ባለው የጦር ማሠልጠኛ አሥራ አንድ ዓመት ተኩስ አስተምሬአለሁ። ደንቡ ቀላል ነው። ምልምሉ አርባ ጥይት ይተኩሳል። ሃያ ስምንት ካገባ አለፈ፤ ሠላሳ ስድስት ካገባ እጅጌው ላይ የአልሞ ተኳሽ ምልክት ይሰፋለታል። ሦስት ጊዜ የወደቀ ወጥ ቤት ወይም ዕቃ ግምጃ ቤት ይመደባል።

ላካይን ሁለት ጊዜ ወደቀ። መጀመሪያ ዘጠኝ፣ ከዚያ አሥራ አንድ።

በሁለተኛው ቀን ኢላማውን ራሴ ሄጄ አየሁት። ተኩስ የማይችል ሰው ጥይቱ እንደ ተበተነ ጥሬ ነው፤ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። የላካይን የሳቱት ጥይቶች ግን ከኢላማው ዳር፣ ነጩ ላይ፣ መዳፍ በሚሸፍነው ቦታ ተሰብስበዋል። ምናልባት ጠመንጃው ይሆናል ብዬ ተኝቼ አምስት ተኮስኩበት። አምስቱም መሃል ገቡ።

"አንተ ልጅ፣ በእኔ ትጫወታለህ?" አልኩት።

"ኧረ በፍጹም፣ ሃምሳ አለቃ።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ቦታ መርጠህ እኮ ነው የሳትከው!"

መሬት ላይ የወደቁትን ቀለሆች እያየ፣ "ወጥ ቤት ቢመድቡኝስ? ስኳር ድንች መላጥ አያቅተኝም" አለ።

"ለምን ተብሎ?"

"ከቻልኩ ይጠሩኛል።"

"እዚህ የሚጠራህ እኔ ብቻ ነኝ!" ብዬ ጮህኩበት። ጓዶቹ ሳቁ።

"ማነው የሚጠራህ?" ማለት ነበረብኝ። ግን ኩራት ያዘኝ። እንዲህ ያለ ተኳሽ እጄ ገብቶ ድንች ሊልጥ? "ነገ ከወደቅክ ካይሎም አብሮህ ይወድቃል፤ ጥንድ ናችሁ" አልኩት። ውሸቴን ነው፤ እንዲህ የሚል ደንብ የለም። ካይሎ አጠገቡ የሚተኛ፣ ሚስቱ ልትወልድ የደረሰች፣ ተስፋውን ሁሉ በዚህ ሥራ ላይ የጣለ ልጅ ነበር። ላካይን ዞሮ ካይሎን አየው።

በማግስቱ ሠላሳ ዘጠኝ አገባ። የመጨረሻዋን ከተኮሰ በኋላ ጉንጩን ሰደፉ ላይ አድርጎ አልነሳ አለ። ጓዶቹ ጎትተው አንስተው ተሸከሙት። አንዱ ፎቶ አንስቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው፤ እኔም ጥርሴን ገልጬ ከጎኑ ቆሜአለሁ።

ከፈተናው በአራተኛው ቀን የበር ጠባቂው አስጠራኝ። ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ሽማግሌው ያካሳ፣ የላካይን አጎት ነኝ አለኝ፤ አብሮት አንድ ዝምተኛ ጎልማሳ አለ። ፎቶውን ያየ ዘመድ አዋጥቶ በአውሮፕላን የላካቸው ናቸው። በገመድ ከረጢት ስኳር ድንች ይዘውልኝ መጥተዋል።

"መምህሩ እርስዎ ነዎት? ልጃችንን ሰው አደረጉልን። እጅዎ ይባረክ" አለኝ ያካሳ።

"እሱ ራሱ ጎበዝ ነው፣ አባቴ።"

"እስቲ ይንገሩኝ፣ ሦስት መቶ ሜትር የሚሉት ምን ያህል ነው?"

ሳላስብ መንገዱ ማዶ ያለውን ማንጎ ዛፍ አሳየሁት። ዓይኑን አጥብቦ ዛፉን ሲለካው ቆየ። ከዚያ ወደ ጎልማሳው ዞሮ፣ "አየህ፣ ከእኛ ጉብታ እስከ እነሱ ምንጭ ማለት ነው" አለው።

"ከቻልኩ ይጠሩኛል" ያለኝ ለጎሳ ጦርነታቸው እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ሲመሽ ላካይን ቢሮዬ መጣ። "ነገ የምረቃ እረፍት ነው። ጥፋት ይጻፉብኝ" አለ።

"ምን አጥፍተህ?"

"የፈለጉትን።"

ጠመንጃው ዝጎ ተገኘ ብዬ ጻፍኩ። አሥራ አራት ቀን ከግቢ እንዳይወጣ ተወሰነበት። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ያካሳ አልተቆጣም፣ አልጮኸም። በየቀኑ ማንጎው ሥር ተቀምጦ ቡዋይ የሚሉትን አነቃቂ ፍሬ ያኝካል፣ ቀዩን ምራቅ ይተፋል፣ በሩን ያያል። በስድስተኛው ጠዋት ቦታው ባዶ ነበር። ተመስገን አልኩ።

ቀትር ላይ የላካይን አልጋም ባዶ ሆኖ ተገኘ።

"ጠዋት ተደወለለት" አለኝ ካይሎ። "ታናሽ ወንድሙን ገበያ መንገድ ላይ ገድለውታል። ስልኩን ዘጋና ጫማውን አሰረ። ከዚያ ወጣ።"

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ።

"ሃምሳ አለቃ፣ ነፋሱ ከግራ ነው። በመሃል ሸለቆ አለ። ስንት ጣት ወደ ግራ ላነጣጥር?"

"ላካይን! ተመለስ። ክሱን እቀደዋለሁ፣ እኔ ራሴ እቀበልሃለሁ።"

"ስንት ጣት ነው? እነ አጎቴ አጠገቤ ሆነው እየጠበቁኝ ነው።" ድምፁ እንደ ፈተናው ቀን የረጋ ነበር።

ቁጥሩን አልነገርኩትም። ትንፋሹን እሰማለሁ፤ ከኋላው ሰዎች ያወራሉ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

በዚያው ሳምንት ሬዲዮው ስለ ተራራው ግጭት አወራ። ሰዎቹ ከሩቅ፣ በአንድ አንድ ጥይት ነው የወደቁት አለ። የሟቾች ስም ሲነበብ ላካይን የለበትም፤ በሕይወት ይኑር አይኑር ግን የነገረኝ ሰው የለም።

ከተኩስ ሜዳው እንዲያነሱኝ ጠየቅኩ። አሁን ዕቃ ግምጃ ቤት ነኝ፤ ብርድ ልብስና ጫማ አድላለሁ። የስልክ ቁጥሬን አልቀየርኩም። እስካሁን አልደወለም።